የማልኩበት ሐሙስ

ኪሊማንጃሮን እንውጣ ያለው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ ሸራና ገመድ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ጎጃም በረንዳ ካለችው ሱቄ እስከ አብነት በእግሬ ከሄድኩ የሳምንቱን ስፖርት ጨረስኩ ብዬ የማምን። እሱ ከአጠገቤ ብርድ ልብስ ይሸጣል። ሁለታችንም ልጅ እግር ሳለን መርካቶ ገብተን፣ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተጋርተን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ነበር የቀረው። እኔ ሲያመኝ ሱቄን እሱ ይከፍታል፤ እሱ ሠርግ ሲሄድ ደንበኞቹን እኔ አስተናግዳለሁ።

አንድ ቀን፣ መስከረም ላይ፣ ስልኩን ይዞ መጣና አናቱ ላይ በረዶ የተኛበት ተራራ አሳየኝ።

«እሳተ ገሞራ ነው» አለኝ። «አሁን ግን ተኝቷል።»

«ታዲያ የተኛን ለምን ትቀሰቅሳለህ? ተወው ይተኛ።»

«ስድስት ቀን ነው የሚፈጀው። አራት ቀን ተኩል ሽቅብ፣ አንድ ቀን ተኩል ቁልቁል። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይወጡታል።»

«ጎመን በጤና» አልኩት። እሱ ግን እምቢታ የማይሰማ ሰው ነው።

የተወለደው ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። ጫፉን ሳያይ በአሥራ አራት ዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ በኋላ አገሩ የሚሄደው ለበዓልና ለለቅሶ ስለነበር ተራራ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው። እናቱን ካየ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። «የራሴ ተራራ መንገዱ ከተዘጋብኝ የሰው ተራራ እወጣለሁ» አለኝ። እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ እኔ ግን እሺ ያልኩት ለዚህች ንግግሩ ስል ነው።

እናቱ ስልክ የላቸውም። ኔትወርክ ሲኖር እሁድ እሁድ በጎረቤት ስልክ ያገኛቸዋል። ነገሩን የነገራቸው ዕለት አጠገቡ ነበርኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጫፉ ላይ ፀበል አለ?» አሉት።

«የለም እማዬ። በረዶ ነው።»

«ገዳምስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ትወጣለህ?»

«እንዲሁ ቆሜ አገሩን ላየው ነዋ።»

ረጅም ሳቅ ሳቁ። ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ «መጀመሪያ መጥተህ እኔን እይ። መርቄህ ትሄዳለህ» አሉት። እሱም ሳትመርቂኝ እግሬን አላነሳም ብሎ ቃል ገባ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ሰማህ አይደል? ጥር ሳይገባ መንገዱ መከፈት አለበት» አለኝ፤ መንገዱን የምከፍተው እኔ ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ሱቃችን የዘመቻ መምሪያ ሆነ። የብርድ ልብስ ካርቶን ቀዶ ተራራውን በማርከር ሣለውና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። አንደኛው ቀን ጫካ፣ ሁለተኛው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ድንጋይና አሸዋ፣ ከዚያ በረዶ። የምናድርባቸውን ቦታዎች በነጥብ አመልክቶ በየነጥቡ ሥር ምን እንደምንለብስ ጻፈ። በስልክ ያገኘነው አስጎብኚ የዚያው አገር ሰው ነው፤ እንግሊዝኛችን በካልኩሌተር ታግዞ የሚግባባ የነጋዴ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነበር የምንጠይቀው። የእነሱም ሰዓት እንደ እኛው ከጠዋት አንድ ብሎ እንደሚቆጥር የሰማን ቀን ጓደኛዬ «ዘመዶቻችን ናቸው በለኛ!» ብሎ ተደሰተ።

ሰውዬው ሁልጊዜ የሚደጋግማት ምክር አንዲት ናት፤ ፖሌ ፖሌ። በስዋሂሊ ቀስ በሉ ማለት ነው። ከፍታው የሚጥለው የሚቸኩለውን ነው አለን። ጓደኛዬ ካርቶኑ አናት ላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ በትልቁ ጻፈ። መርካቶ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው በጋሪ ነው የሚገጨው፤ ቀስ ማለትን የተለማመድነው እሁድ እሁድ፣ ሱቁ ሲዘጋ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ ገበያው ሳይሞቅ እንጦጦ ወጥተን እንመለሳለን።

ቡትስ ከሚሊተሪ ተራ ገዛን። እግራችንን እንዲለምድ ብለን ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እያደረግነው እንውላለን፤ ደንበኛው ሁሉ «ምነው፣ ዘመቻ ነው?» እያለ አላገጠብን። እኔ ከራሴ ሸራ ሁለት የጀርባ ቦርሳና በረዶ የማያስገባ የቅልጥም መሸፈኛ ሰፋሁ። እዚያ አንድ ተሸካሚ ከሃያ ኪሎ በላይ አይጫንበትም ብለን ለሠፈራችን ተሸካሚ ስንነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሃያ ኪሎማ ዘንቢል ነው! እኔን ውሰዱኝና አንዳችሁን ከነጫማው አዝዬ እወጣለሁ!» አለ። ደስ የሚሉ ወራት ነበሩ። አሁን ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የሳቅኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

የምንበርበት ቀን ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ ተቆረጠ። ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ የጓደኛዬ አጎት ሱቄ መጡ። የእናቱ ወንድም ናቸው፤ አዲስ አበባ የኖሩ ሽማግሌ። ጓደኛዬ ምሳ ሄዶ ነበር። እሳቸውም መሄዱን ጠብቀው ነው የገቡት። የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እህቴ ዐርፋለች» አሉኝ። «ከተቀበረች ስምንት ቀኗ ነው። ስልክ ስላልነበረ ዛሬ ነው በመንገደኛ የሰማነው።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሳቸው ግን ሊያለቅሱ አልነበረም የመጡት።

«እህቱ ከጅማ ዓርብ ማታ ትገባለች። ወንድምሽን ትንሽ አሞታል ብለን ነው የጠራናት። ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱንም እናረዳቸዋለን። ከሁሉ ይልቅ ከእሱ ጋር የምትውለው አንተ ነህ። እስከዚያ ከሰው እንዳይሰማ፣ ከከተማም እንዳይወጣ ጠብቅልኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው። ሳላስብ፣ ሦስት ሜትር ሸራ ቁረጥልኝ የተባልኩ ያህል በቀላሉ ነው እሺ ያልኩት።

መርዶ እንዲህ ነው እኛ ዘንድ። ሰው ገበያ መሃል ቆሞ፣ በስልክ፣ ብቻውን አይረዳም። አዳሩን ተኝቶ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዘው ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ጥሩ ልማድ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ ጓደኛዬ ሁለት ቀን አውቆ ደብቆኛል። ሁለት ቀን አብሮኝ ሻይ ጠጥቶ፣ በሦስተኛው ማለዳ ከዘመዶቼ ጋር በሬን አንኳኳ። ይህን ያህል ስለቻለልኝ ስሜ አመስግኜዋለሁ። ስለዚህ ተራው የእኔ ነው አልኩ።

ከምሳ ሲመለስ ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«ጨጓራዬ» አልኩት።

ረቡዕ እንደ ልማዳችን ደረጃ ልንወጣ ሄድን። ከሱቃችን ፊት ለፊት ባለው አዲስ ሕንፃ ስምንት ፎቅ ገመድ የሞላ ቦርሳ ተሸክመን ወጥተን እንወርዳለን። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ ስልኩን አወጣና ወደ ጎረቤታቸው ደወለ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የምትለዋን ሴት እኔም ሰማኋት። «አሁንም አይሠራም» አለ። «ቢያንስ ተራራው ጫፍ ላይ ኔትወርክ አለ ብሎናል ሰውዬው። ከዚያ ብደውልላት ምን ትላለች?» እኔ ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ መውጣት ጀመርኩ። ቀስ በል፣ ፖሌ ፖሌ እያለ ከኋላዬ ይጮሃል።

ሐሙስ ጠዋት ገና ሱቄን ስከፍት እየሮጠ መጣ።

«መንገዱ ተከፍቷል! ነገ ማለዳ አውቶቡስ አለ። ነገ ሄጄ፣ ሰኞ ተመርቄ እመለሳለሁ።»

ከሄደ እናቱን ብሎ የገዛ ደጃፉ ላይ ብቻውን ሊረዳ ነው፤ ያውም ከጎረቤት አፍ። የመጣልኝን ያዝኩ።

«ነገማ አይሆንም፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ ለሁለታችን። ልባችንን ሳንታይ ተራራ አንወጣም።»

«ልቤ ይቅርብኝ! ሳትመርቀኝ አልሄድም ብያለሁ እኮ።»

«ስትመለስ ትሄዳለህ። እሳቸው የት ይሄዳሉ?»

ይህን አልኩ፤ እሳቸው የት ይሄዳሉ። እሱ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ የተጋራ ሰው ዓይን ያነባል።

«ከአገር ቤት የሰማኸው ነገር አለ?» አለኝ።

«ኧረ ምንም የለም።»

«እናቴ ትሙት?»

መርካቶ ላልዋለ ሰው ይህ ከባድ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ የምንጠራው መሐላ ነው። እናቴ ትሙት አልዋሽህም፤ እናትህ ትሙት ንጹሕ ጥጥ ነው። ስናስር ስንፈታ፣ ስንገዛ ስንሸጥ አፋችን ላይ ናት። የተጠየቀ ሰው ቃሉን መመለስ አለበት። ካልመለሰ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። እሱም ቃሉን ጥሎልኝ ይጠብቃል።

«እናትህ ትሙት!» አልኩት። «ምንም የሰማሁት የለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ጊዜ ግን እንዲያውም ቀለል አለኝ፤ ምክንያቱም ፊቱ ወዲያው ተፈታ። «ፊትህን ሳየው ሰው ሞቶብህ መሰለኝ እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት።

አውቶቡሱን ተወው። በምትኩ ወደዚያ የሚሄድ ሾፌር አገኘና ለእናቱ ብርድ ልብስ ሊልክ ወሰነ። ከሱቁ ያለውን ሁሉ አወረደ። አንዱ ቀጭን ነው፣ አንዱ ቀለሙ አይሆናትም እያለ አንድ ወፍራም ቡናማ መረጠ። ጫፉን በእጄ አስይዞ «ጮቄ ሥር ጥር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይሞቃታል ይሄ?» አለኝ።

«ይሞቃቸዋል» አልኩት።

አቧራ እንዳይነካው በሸራ ስፋልኝ አለኝ። ሰፋሁለት። በወስፌ፣ በወፍራም ክር፣ አራቱንም ጎን። እሱ ላዩ ላይ የእናቱን ስም በማርከር ጻፈበት። 

ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ ብዬ ከዋሸሁ በኋላ ነው ሮጬ ቀጠሮ የያዝኩት። ዓርብ ሄድን። ሐኪሟ የእሱን ልብ አዳምጣ እንደ ጎረምሳ ነው አለች። የእኔ ግን ይሮጣል፣ ዕረፍት ያስፈልገዋል ተባለ። መንገዱን ሙሉ «እኔን ልታስመረምር አምጥተህ በሽተኛው አንተ ሆነህ አረፍከው» እያለ ሲያበሽቀኝ ነው የተመለስነው። እንዲህ የሚያበሽቀኝ የመጨረሻ ቀን መሆኑን አላወቅኩም።

ቅዳሜ ማለዳ አብነት አካባቢ ያለው ቤቱ ደጃፍ ላይ ስምንት ሰው ሆነን ቆምን። አጎቱ፣ ሌሊቱን አጎቷ ቤት ያደረችው እህቱ፣ የእድር ሰዎች፣ እኔ። ለእህቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ነግረዋት ኖሮ ሁለት ሴቶች በክንዷ ይዘዋታል። በሩን እኔ አንኳኳሁ። ለካስ እሱ ነቅቶ ነበር፤ ቅዳሜ የእንጦጦ ቀናችን ነው። ቡትሱን አጥልቆ፣ የሰፋሁለትን ቦርሳ አዝሎ፣ እየሳቀ በሩን ከፈተልኝ።

«ዛሬስ ቀደምከኝ!» አለኝ።

ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አየ። አጎቱን አየ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችውን እህቱን አየ። በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ደጅ ሲቆም ማንም እኛ ዘንድ ምን መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አጎቱ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ የሚያየው እኔን ነበር። ቦርሳው ከጀርባው ሳይወርድ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት መጻፍ አልችልም።

ድንኳን ውስጥ ሁሉም አመሰገነኝ። አጎቱ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው፤ አራት ቀን አፉን ቆልፎ ያዘልኝ» እያሉ ያወራሉ። ሠልስቱ ዕለት ሰው ቀለል ሲል ጠራኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«መቼ ሰማህ?» አለኝ።

«ማክሰኞ።»

በጣቱ ቆጠረ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሐሙስ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ጠይቄህ ነበር» አለኝ።

«ጠይቀኸኛል። አደራ ነበረብኝ። አንተስ በአባቴ ጊዜ እንዲሁ አላደረግክም?»

«አድርጌያለሁ። ግን አልማልኩብህም። ብትጠይቀኝም አልምልም ነበር።» ቀጥሎም «ብርድ ልብሱንም ሰፋህልኝ» አለ። 

ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት አንዲት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። የራሴ እናት በሕይወት አሉ፤ ቤቴ ናቸው። ያን ሐሙስ እናቴ ትሙት ማለት እችል ነበር። ያላልኩት ለምንድን ነው? በውሸት ብምል የእኔ እናት ይቀሠፋሉ ብዬ ፈርቼ ነው። የእሱ እናት ግን አንዴ ሞተዋል፤ በእሳቸው ብምል የሚጎዳ የለም ብሎ ነው አፌ የመረጣቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሱ ግን የገባው ይመስለኛል።

የምንበርበት ሐሙስ ለቅሶ ላይ አለፈ። አስጎብኚው ደጋግሞ ደወለ፤ በዚያችው በካልኩሌተር እንግሊዝኛዬ ሰው ሞቶብናል አልኩት። ጓደኛዬ መንገዱ ሳይዘጋ ከእህቱ ጋር አገሩ ሄዶ፣ ከእናቱ መቃብር ላይ አልቅሶ፣ አርባቸውን አውጥቶ ተመለሰ። ሱቁን የከፈተ ዕለት በግድግዳችን በኩል ብርድ ልብስ ሲያራግፍ ሰማሁት። ደስ አለኝ። ወጥቼ «እንደምን አደርክ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። «እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

ከኋላዬ ሽማግሌ የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አንቱ ነኝ። በዕድሜ እንኳ ሁለት ወር ይበልጠኛል። አይሰድበኝም፣ አያኮርፈኝም፤ መቀስ ብጠይቀው ይሰጠኛል፣ ስታመም ሱቄን ይከፍታል። አዲስ ደንበኞች ጎረቤቱን እንዴት ቢያከብር ነው እያሉ ያደንቁታል። አንተ ቢለኝ ኖሮ እንጣላ ነበር፤ ተጣልተንም እንታረቅ ነበር። አንቱ ካለኝ ሰው ጋር ግን በምን አፍ እጣላለሁ? ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ምን በሉት ብዬ እንደምልክ ግራ ገባኝ። አከበረኝ ብዬ ልክሰሰው?

ዘንድሮ ጥምቀት ሲቃረብ እንደ ምንም ደፈርኩ። ሱቁ ገባሁ፤ ብርድ ልብስ እያጠፈ ነበር። ያ አስጎብኚ ዛሬም መልእክት ይልክልኛል፣ ቡትሶቹም አሉ፣ እንደገና ብንሞክረውስ አልኩት። ተራራውን፣ ሁለታችን፣ ቀስ ብለን።

የያዘውን አጥፎ ጨረሰ። በእጁ ዳብሶ አስተካክሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ቢኖር በወደድኩ።

«እርስዎ ይሂዱ» አለኝ። «እናትዎ አሉ፤ ይመርቁዎታል።»